ሲግናሉ ሙሉ፣ ኮኔክሽኑ ኤሊ፤ ሒሳቡ አልገጥም አለኝ

የኮምቦልቻው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የ4ጂ ዳታ ፍጥነትን በሒሳብ መገመት ነው። በሻነን ቀመር (አንድ መስመር በሰከንድ ቢበዛ ስንት ዳታ እንደሚያሳልፍ በሚያሰላው) ባንድዊድዙን፣ ማለትም የፍሪኩዌንሲውን ስፋት፣ 20 ሜጋኸርዝ፣ ኤስኤንአሩን፣ ማለትም የሲግናሉን ኃይል ለኖይዙ (ለጫጫታው) ሲካፈል፣ 20 ዲቢ (100 እጥፍ) አድርጌ ሳሰላ በሰከንድ 133 ሜጋቢት ገደማ ይወጣል። ማታ ከኮምቦልቻ በላይ ካለው ከፍታ፣ ሐረጎ ላይ ስለካው ግን ወላሂ 3 ቢሆን ነው! ሲግናሉ ደግሞ ጢም ብሏል። ቀመሩ ነው ስልኬ?

ሰኞ ገበያ፦
ቀመሩማ ከ1948 ጀምሮ ምንም አልሆነም። የከተትክለት ቁጥር ነው ጉዱ። ስልክህ ላይ የሚሞላው የሲግናሉን ኃይል እንጂ ጥራቱን አያሳይም። 4ጂ ላይ ጎረቤት ታወሮች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ስለሚሠሩ የነሱ ሲግናል ላንተ ረብሻ ነው፤ ስለዚህ ኃይሉን የምታካፍለው ለኖይዝ ብቻ ሳይሆን ለኖይዝና ለኢንተርፈረንስ (ለጎረቤት ረብሻ) ድምር ነው፤ ይሄ ሬሾ SINR ይባላል። ሐረጎ ላይ ስትቆም ኮምቦልቻ ከነታወሯ ፊትህ ተዘርግታለች፣ ሁሉም ይደርስሃል። ሬሾው ወደ 3 ዲቢ (2 እጥፍ) ከወረደ ያው ቀመር 32 ሜጋቢት ብቻ ይሰጥሃል።

ሆጤ፦
32ቱም ቢሆን ላንተ ብቻ መቼ ሆነና! ታወሩ ከ20 ሜጋኸርዙ 18ቱን እያንዳንዳቸው 180 ኪሎኸርዝ በሆኑ 100 ብሎኮች ሸንሽኖ በየሚሊሰከንዱ ያድላል። ማታ 10 ሆናችሁ ቪዲዮ ከጎተታችሁ ለአንድ ሰው 3 ገደማ ነው የሚደርሰው፣ ይኸው የለካኸው።

የኮምቦልቻው፦
ገባኝ። ግን ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር አክስቴ ቤት ሲግናሉ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ኮኔክሽኑ ግን ይበርራል። እሱስ?

ሰኞ ገበያ፦
ተራራው ከልሎላት ይሆናላ! የራሷ ታወር ቅርብ ከሆነና ሌሎቹን ጦሳ ካስቀረላት ረብሻው ይቀንሳል። ለዚህ ነው ሀታ ሞዴልን (ሲግናል በርቀት ምን ያህል እንደሚደክም የሚገምተውን ቀመር) እንዳለ አትገልብጥ የምልህ። መነሻው ጃፓናዊው ኦኩሙራ ቶኪዮና አካባቢዋ የለካው ነው፣ ብዙም ወጣ ገባ ለሌለው መሬት። ደሴ ደግሞ ታውቃታለህ፣ ሜዳ ፈልገህ አታገኝም። በዚያ ላይ ሀታ እስከ 1500 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ የምትለካው ፍሪኩዌንሲ 1800 ከሆነ ኮስት 231ን (የሀታን ማራዘሚያ ሞዴል) ተጠቀም፣ እሱ እስከ 2000 ይሄዳል። የተራራውን ግርዶሽ ለብቻው ጨምርበት።

ሆጤ፦
SINR የሚያሳይ አፕ ጭነህ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሐረጎ ድገመው። ሰው ሲተኛ ወረፋውም የጎረቤት ታወር ረብሻም አብሮ ይቀንሳል፣ ልዩነቱን ታየዋለህ።

የኮምቦልቻው፦
በ9 ሰዓት ሐረጎ? ጅቡን ማን ሊይዝልኝ? ዶርም ሆኜ እለካለሁ።