ባምበርግ ላለ ጓደኛዬ ከጎንደር ምን ቢራ ልላክለት?

የአራዳው ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ቢራ የሚገባችሁ ሰዎች እስቲ ምከሩኝ። ጀርመን አገር ባምበርግ የሚኖር ፈረንጅ ጓደኛ አለኝ። ለሥራ ጎንደር መጥቶ ነው የተዋወቅነው። አሁን አገሩ ገብቶ ጓዳው ውስጥ ቢራ የሚጠምቅ ሰው ሆኗል፣ ማታ ማታ ፎቶ እየላከ ያስጎመጀኛል። ታዲያ በቀደም ለምን አንለዋወጥም ተባባልን። ከዚህ የሚሄድ ዘመድ አለኝ፣ ሻንጣው ውስጥ ትንሽ ቦታ ሰጥቶኛል። እሱ ደግሞ ለጥምቀት በሚመጣ ሰው እጅ የነሱን ይልክልኛል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የምልከው ጠፋኝ። ዳሸን የከተማችን ነው፣ እሺ፣ ግን ልጁ እዚህ እያለ ሲጠጣው ነው የከረመው፣ ደግሞ ላገር የሚባለው ይሄ የተለመደው የቢራ ዓይነት እነሱ ጋ ሞልቷል። እሱ የሚፈልገው ክራፍት የሚሉትን ነው፣ አንድ ሰው በትንሽ ቦታ በራሱ እጅ የሚጠምቀውን፣ ሌላ አገር የማይገኘውን። እንዲህ ያለ ቢራ ጎንደር ውስጥ የት ይገኛል? ወይስ ሐረር፣ በደሌ፣ ሐበሻ እያልኩ ከየአገሩ አንዳንድ ልሰብስብ? ጠላ በሃይላንድ ሞልቼ ብልክስ?

እሱም ምረጥ ብሎ የቢራ ዝርዝር ልኮልኛል። ግማሹን ማንበብም አቅቶኛል፣ የጭስ ቢራ የሚባል ሁሉ አለበት። የቀመሰ ካለ ይንገረኝ።

ግሮሰሪ አዘዞ

ወንድሜ ዳሸንን አትናቅ። በፈረንጆቹ 2000 የተቋቋመ ነው፣ ደብረ ብርሃንም ሌላ ፋብሪካ አለው፣ ግን የመጀመሪያው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ሰውየው ቢራው ናፍቆት እንደሆነስ በምን አወቅህ? እዚህ ለሥራ ከርሞ የሄደ ሰው ያንን ጠርሙስ እዚያ ሲያየው ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። ትንሽ ጨምርለት።

ስትገዛ ግን ዓይንህን ክፈት። መስኮት ላይ ለማሳያ የተደረደረውን አትውሰድ፤ ቢራ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ሲያድር ጠረኑ ይበላሻል፣ ቡናማ ጠርሙስ ቢረዳም ጨርሶ አያድነውም። ከጓዳ፣ ከጥላ ውስጥ አውጣልኝ በል። ቀኑንም እይ። ጠርሙሱ ተመላሽ ስለሆነ መያዣ ከፍለህ ነው የምትወስደው፣ እንዳትነታረክ። ከዚያ እያንዳንዱን ወፍራም ካልሲ ውስጥ ክተተው፣ በላስቲክ ቋጥረው፣ ከልብስ መሀል አስገባው። ሻንጣው ጠርዝ ላይ ካደረግኸው አለቀለት። በእጅ ሻንጣ ይዞ እንዳይሞክር በለው፣ ፍተሻ ላይ ይቀሙታል። ደግሞ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ከግማሽ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የዘመድህን 23 ኪሎ እንዳትጨርስበት።

ቆርኪ ሰብሳቢ

ከአዲስ አበባ ነኝ። ከየአገሩ ልሰብስብ የምትለው ሐሳብ ለመለያውና ለቆርኪው ከሆነ አሪፍ ነው፣ እኔም የማደርገው እሱን ነው። ለጣዕም ከሆነ ግን እውነቱን እንነጋገር፣ አብዛኛው ያው ነጣ ያለ ላገር ነው። ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አንጋፋ ነው፣ እወደዋለሁም፣ ግን ዓይኑን ሸፍነው ከሌላው ይለየዋል ብዬ አልምልልህም። ወጣ ያለ ነገር ከፈለግህ የሐረሩን ሐኪም ስታውት ፈልግ። ጥቁር ነው፣ የተቆላ ጣዕም አለው።

ክራፍት ካልክ ደግሞ እዚህ ቦሌ ጋርደን ብሮይ አለ። እዚያው ጠምቀው እዚያው ነው የሚቀዱት፣ ነጣ ያለውን ብሎንዲ፣ ጠቆር ያለውን ኤቦኒ ይሉታል። ይሄ ግን ቁጭ ብለህ የምትጠጣው እንጂ ሻንጣ ውስጥ የምትከተው አይደለም።

እቴ ድፍድፍ

ኧረ ጉድ! ጎንደር ተቀምጠህ በእጅ የተጠመቀ መጠጥ የት አገኛለሁ ትላለህ ልጄ? ከቤትህ ውጣና ጣሳ የተደፋበት እንጨት ደጃፉ ላይ የቆመበትን ቤት እይ። አንዷ ቤት የምታገኘውን ጠላ ጎረቤቷ ጋ አታገኘውም። እናንተ ክራፍት በሉት።

በሃይላንድ የሚባለውን ግን እርሳው። ጠላ ሲከድኑት መፍላቱን አይተውም። ሃይላንዱ ይነፋል፣ ይነፋል፣ ከዚያ ክዳኑን ይዞ ይሄዳል። ዘመድህ ጀርመን ሲገባ ሱሪው ሁሉ ጉሽ ሆኖ ይጠብቀዋል።

እኔ ብሆን ኮረፌ ነው የማስበው። ጠላማ የትም አለ፣ ኮረፌ የኛ ነው፣ በቅማንት አገር በጭልጋና በላይ አርማጭሆ በኩል የታወቀ ነው። ገብሱ ተሸክሽኮ ውሃ ውስጥ ያድራል። ይቆላል፣ ይፈጫል። ከጌሾ ቅጠልና ከብቅል ጋር ጋን ውስጥ ይገባና ሁለት ሦስት ወር ድረስ ይቀመጣል። መጠጣት ሲያሰኝህ ከድፍድፉ ቆንጠር አድርገህ ታወጣለህ፣ በውሃ ትበጠብጣለህ፣ ያድራል፣ በነጋታው ትጠጣለህ። ጋኑ ግን አስቀድሞ መታጠን አለበት። የወይራ እንጨት ታጨስና ጋኑን ትደፋበታለህ፣ ጭሱ ሆዱ ውስጥ እስኪገባ። ጣቱን አስገብቶ ውስጡን ያሸ ሰው ጣቱ ወይራ ወይራ ካልሸተተው እንደገና ይታጠናል።

እንግዲህ ጓደኛህ ጠማቂ ነው ካልክ፣ የተጠመቀ ምን ያደርግለታል? ጥሬውን ላክለትና ራሱ ይጥመቅ። የጌሾ ቅጠል፣ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ፣ ትንሽ የወይራ ፍልጥ። ብቅሉን ተወው፣ ብቅል እነሱ ጋ አያጡም። ጌሾ ሲሉህ እንጨቱን እንዳይሰጡህ፣ እሱ ለጠጅ ነው። ቅጠሉ አረንጓዴነቱ ያልለቀቀ ይሁን፣ ስታሸው ከሽ ብሎ ይሰባበር። ቡናማ የሆነው የቆየ ነው። ቆንጥረህ ቅመሰው፣ ምሬቱ ምላስህ ላይ ቆይቶ ካልሄደ ግዛ።

ከማይን ወንዝ ዳር

እቴ እጅዎን ይባርከው። ፍራንክፈርት ነው ያለሁት፣ ባምበርግ አሁንም አሁንም እሄዳለሁ። እርስዎ ያሉት ነገር ለባምበርግ ሰው እንዴት እንደሚገጥም ላስረዳ።

ያ የጭስ ቢራ ያልከው ራውክቢር ነው። ብቅሉን ቢች በሚባል እንጨት ጭስ ላይ ነው የሚያደርቁት። ስመ ጥሩው ሽሌንከርላ ነው፣ መሸታ ቤቱ በፈረንጆቹ 1405 በጽሑፍ ተጠቅሷል፣ ማለት ፋሲል ግቢ ሳይሠራ። መጀመሪያ ስትጎነጨው ፈረንጆቹ ራሳቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። በታጠነ እንስራ ጠላ ያደገ ሰው ግን ሁለተኛውን ያዛል። ስለዚህ ከዝርዝሩ መጀመሪያ እሱን በል። የኛ ጭስ ከጋኑ ነው፣ የነሱ ከብቅሉ፣ ጠማቂ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ጌሾውም ቢሆን እዚያ ሆፕስ የሚባለው ቢራ ውስጥ የሚገባ አበባ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠራው፣ ያመርራል፣ እንዳይበላሽም ይረዳል። የባቫሪያ የፈረንጆቹ 1516 ሕግ ደግሞ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር ሌላ እንዳይገባበት ያዘዘ ነበር፣ ጓደኛህ በጌሾ ሲጠምቅ ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉት ማየት ነበር።

ሌላ ምን ልጠይቀው ካልክ በርሊነር ቫይሰና ጎዘ። ሁለቱም ጎምዘዝ ይላሉ፣ ጎዘ ጨውና ድንብላል አለበት። አይፒኤ የሚባለው የቢራ ዓይነት ግን ይቅርብህ። ዋናው ነገሩ የሆፕስ መዓዛ ነው፣ ትኩስ ካልተጠጣ እየጠፋ ነው የሚሄደው፣ እስከ ጥምቀት ማን ሻንጣ ውስጥ እንደሚያንከራትተው ደግሞ አይታወቅም።

ስለ ጉምሩክ፦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የሚመጣ ሰው እስከ 16 ሊትር ቢራ ያለ ቀረጥ ያስገባል፣ እዚህ ላይ ችግር የለም። ሥጋና የወተት ውጤት ግን አይገባም። ዘመድህ እናቱ ቋንጣና ቅቤ እንዳይጨምሩለት ይጠንቀቅ፣ በዚያ ሰበብ ሻንጣው ሲበረበር ያንተም ዕቃ አብሮ ይወጣል። ጌሾውን አትፍጨው። አረንጓዴ ዱቄት በላስቲክ ተቋጥሮ ኤርፖርት ላይ ሲገኝ ምን እንደሚጠይቁት አስበው። ቅጠሉን እንዳለ አድርገውና ሳይንሳዊ ስሙን፣ ራምነስ ፕሪኖይደስ የሚለውን፣ በላቲን ፊደል ጽፈህ ለጥፍበት። የደረቀ ተክል ይዣለሁ ብሎ ራሱ ይናገር፣ አይደብቅ።

የአራዳው ልጅ

ተባረኩ። በቃ ጌሾው፣ ገብሱና ወይራው ይሄዳል፣ ጥቂት ዳሸንም በካልሲ። እቴ፣ ልኬቱን ቢነግሩኝ ልጽፍለት ነበር። ለስንት ውሃ ስንት ጌሾ? እሱ በግራም ካልሆነ አይገባውም። ጋንም የለውም፣ ያለው የብረት በርሜል ነው።

እቴ ድፍድፍ

እኔ ግራም አላውቅም ልጄ፣ በእፍኝ ነው የምሰፍረው። አነስ አድርጎ ይጀምር በለው፣ ጌሾ ከበዛ አይጠጣም፣ ካነሰ ግን በሚቀጥለው ይጨምራል። ብረቱን በወይራ ማጠን አያዋጣም፣ ጭሱን አይዝም። ሸክላ ይፈልግ፣ የአበባ ማሰሮም ቢሆን ያልተቀባና ቀዳዳ የሌለው ከሆነ ለሙከራ ይሆነዋል። ካጣ ደግሞ ያንን የታጠነ ብቅላቸውን ከጌሾው ጋር ያድርገው፣ ምን እንደሚወጣ እኔም ልስማ። አንተ ቅዳሜ ገበያ ማልደህ ውጣ፣ ረፍዶ ከሄድህ የተራረፈውን ነው የምታገኘው።

ቆርኪ ሰብሳቢ

ሐኪም ስታውቱን ማንም አላነሳልኝም፣ ይሁን። የጀርመኖቹ ሲመጡ ግን ቆርኪያቸውን አትጣል፣ በመክፈቻ ስትከፍት እንዳይጣመም ቀስ በል፣ እኔ እወስደዋለሁ።