ካፕቴን ልሁን ወይስ ወደ ትልቁ አየር መንገድ ልሂድ?

ጠያቂ (ዳላስ)፦ ሰላም ወገኖቼ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ በአንድ ሪጅናል አየር መንገድ፣ ማለትም ለትልልቆቹ አየር መንገዶች አጫጭር መስመር በሚበር አነስተኛ ኩባንያ፣ የኤምብራየር 175 ረዳት አብራሪ ነኝ። ኩባንያው ወደ ካፕቴንነት ሊያሳድገኝ ነው። በዚያው ሰሞን ከአንድ ትልቅ አየር መንገድ ለኤርባስ 320 ረዳት አብራሪነት ጥሪ ደረሰኝ። የካፕቴን የሰዓት ክፍያዬ ከትልቁ ኩባንያ የመጀመሪያ ዓመት ክፍያ ይበልጣል። ሁለት ልጆችና የቤት ዕዳ አለብን። ባለቤቴ «እዚሁ ቆይ፤ ኩባንያችሁ ትልልቅ አውሮፕላን ሲያስገባ ደመወዝህም ያድጋል» ትላለች። ይህ የሚሆን ነው? ምን ትመክሩኛላችሁ?

አንጋፋው (ሺካጎ)፦ ወንድሜ፣ የባለቤትህን ሐሳብ ላስቀድም። ኩባንያችሁ ገንዘብ ቢተርፈው እንኳ ያ አይሆንም። ሪጅናሉ የሚበረው በትልቁ አየር መንገድ ስምና ትኬት ነው፤ የትልቁ አየር መንገድ አብራሪዎች ማኅበር ደግሞ ከአሠሪው ጋር በፈረመው የኅብረት ስምምነት ወደ ውጭ የሚሰጠውን በረራ ገድቧል። ጣሪያው በሦስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች፣ በአሜሪካን፣ በዴልታና በዩናይትድ፣ 76 መቀመጫና 86,000 ፓውንድ፣ ማለትም 39 ቶን ገደማ የመነሻ ክብደት ነው። አንተ የምታበረው 175 እስከ 88 ሰው መያዝ የሚችል ሆኖ ሳለ ከ76 የማይበልጠው ለዚህ ነው። ነዳጅ ቆጣቢው አዲሱ ሞዴል ኢ2ም ከዚያ ክብደት ስለሚያልፍ የአሜሪካ ሪጅናሎች ሊያስገቡት አልቻሉም። ማኅበሩ ይህን ገደብ ያለ ከባድ ትግል አይለቅም፤ የአባላቱ እንጀራ ነው።

የ737 ካፕቴን (ዴንቨር)፦ እኔ ሂድ እላለሁ፤ ዛሬውኑ። በዚህ ሙያ ሕይወትህን የሚወስነው የቅጥር ተራ ቁጥርህ፣ ማለትም በኩባንያው ስንተኛ ሆነህ እንደተቀጠርክ ነው። የወር ፕሮግራምህን፣ የምትነሳበትን ከተማ፣ የፋሲካ ዕረፍትህን፣ የምታበረውን አውሮፕላን፣ ካፕቴን የምትሆንበትን ጊዜ ሁሉ እርሱ ይቆርጠዋል። የሠራተኛ ቅነሳ ቢመጣም መጀመሪያ የሚወጡት መጨረሻ የገቡት ናቸው። ኩባንያ ስትቀይር ያ ቁጥር አብሮህ አይሄድም፤ አሥር ሺህ ሰዓት የበረረ ካፕቴን እንኳ ከታች ይጀምራል። የጡረታ ዕድሜ 65 ስለሆነ 31 ዓመት አለህ። አሁን ብትዘገይ የምታጣው የመጀመሪያውን ዓመት አነስተኛ ክፍያ ሳይሆን የመጨረሻውን፣ የረጅም መስመር ሰፊ አውሮፕላን ካፕቴን የሚከፈለውን ዓመት ነው።

አስልታ የምትናገር (አትላንታ፣ የሪጅናል ካፕቴን)፦ በዋናው ነገር እስማማለሁ፤ ችኮላውን ግን አልወደውም። መጀመሪያ ጥሪው ሥልጠና የሚጀመርበት ቀን ተቆርጦለታል? ካልተቆረጠ ካፕቴንነቱን እንዳትተው። እ.ኤ.አ. በ2024 ቦይንግ አውሮፕላን በወቅቱ ማስረከብ ሲያቅተው ዩናይትድ የግንቦትና የሰኔ ወር ቅጥሩን አቁሞ ነበር። ሁለተኛ፣ የሰዓት ክፍያውን ብቻ አትይ፤ በዋስትና በሚከፈልህ የወር ሰዓት አባዛው። 90 ዶላር በ75 ሰዓት 6,750 ነው፤ ግብር ሳይነካው። ሦስተኛ፣ አብራሪ እንዳይለቅ የሚሰጠውን የማቆያ ክፍያ ተቀብለህ ከሆነ ቀድመህ ስትለቅ የምትመልሰው ስንት እንደሆነ ውሉን አንብብ። በ2022 ኤንቮይና ፒድሞንት የተባሉት ሪጅናሎች የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር ሲያደርሱ ከፊሉ በጊዜ የተገደበ ጭማሪ ነበር። አሁን ያለህ ክፍያም ምኑ ቋሚ፣ ምኑ ጊዜያዊ እንደሆነ ሳትለይ አታወዳድር።

ከአዲስ አበባ፦ እኛ አገር ከትንሹ ባለ ፕሮፔለር ኪው 400 ተነስቶ እስከ ትልቁ ቦይንግ 777 መድረስ የሚቻለው እዚያው አየር መንገድ ውስጥ ነው። እዚያ ወደ ትልቅ አውሮፕላን ለማደግ ኩባንያ መልቀቅ ግድ መሆኑ ይገርማል። ደግሞ በ2022 እንዲያ የተጨመረው የረዳት አብራሪ ክፍያ ቀድሞ ዝቅተኛ ነበር?

አንጋፋው (ሺካጎ)፦ እጅግ ዝቅተኛ ነበር፤ ብዙ ወጣት ሁለተኛ ሥራ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ኮልገን የተባለ ሪጅናል ኪው 400 አውሮፕላን ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ 50 ሰው ሲሞት የአብራሪዎቹ ድካምና ደመወዝ በአደባባይ ተነሳ። ኮንግረስ በ2010 ባወጣው ሕግ ረዳት አብራሪም በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት እንዲኖረው ተደረገ። ከኮሮና በኋላ አብራሪ ሲጠፋ ነው ክፍያው በአንድ ጊዜ የዘለለው።

ጠያቂ (ዳላስ)፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀኑ ተቆርጧል፣ በጽሑፍ ደርሶኛል። የማቆያ ክፍያውን ውል ከባለቤቴ ጋር ዛሬ ማታ እናነበዋለን።

አስልታ የምትናገር (አትላንታ)፦ እንግዲያው ሂድ፤ እኔም በአንተ ቦታ ብሆን እሄዳለሁ። የልጆቹ የሕክምና ዋስትና በአዲሱ ኩባንያ ከስንተኛው ቀን እንደሚጀምር ግን ሳትጠይቅ መልቀቂያ እንዳታስገባ።