የቀለጠ አሉሚኒየም የሞልድ ፒን እየበላብን ነው

ጥያቄ፦ ሞልዱ (የቀለጠው አሉሚኒየም የሚሞላበት ቅርጽ ማውጫ) ኤች13 የተባለ ብረት፣ ቅይጡ ኤ380 የተባለ አሉሚኒየም ነው፤ በግፊት እንሞላለን። መግቢያው (ቅልጡ ወደ ሞልዱ የሚገባበት) ፊት ባለው ፒን፣ ማለትም በምርቱ ላይ ቀዳዳ በሚያወጣው ዘንግ ላይ አሉሚኒየም ይጣበቃል፣ ከዚያ ፒኑ ይቦረቦራል። መፍትሔው ምንድን ነው?

መልስ 1፦ ብረት በቀለጠ አሉሚኒየም ይሟሟል፤ ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል። ቅልጡን ከ680 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አታሳልፉ። በቅይጡ ውስጥ ብረት ከ0.8 እስከ 1.1 በመቶ ይኑር፤ ካነሰ ከሞልዱ ይወስዳል፣ ከበዛ ምርቱ ተሰባሪ ይሆናል።

መልስ 2፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ መግቢያውን አዙሩት! ፍሰቱ ፒኑን በቀጥታ እየመታ ሽፋን ብቻውን አያድንም። ፍጥነቱን በሰከንድ ወደ 40 ሜትር አውርዱ፤ ፒኑን ናይትራይድ አስደርጋችሁ (ላዩን በናይትሮጅን አስጠንክራችሁ) ክሮሚየም ናይትራይድ የተባለ ጠንካራ ሽፋን አስለብሱት። የውስጥ ውኃ ማቀዝቀዣ ቢኖረው ደግሞ እጅግ ይሻላል።

መልስ 3፦ የተጣበቀውን በመሮ አትፈልፍሉ፣ ሽፋኑ ይላጣል። በውኃ የተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየሙን ያሟሟል፣ ብረቱን አይነካም። ሃይድሮጅን ስለሚወጣ ከእሳት ርቃችሁ፣ አየር ባለበት፣ በጓንትና በመነጽር ሥሩ።