የፀሐይ ማዕበል ጥናት የሕዝብ ገንዘብ ይገባዋል ወይ?

መምህር፣ አራት ኪሎ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት እዚህ ቡድን ውስጥ "እንደኛ ያለ አገር ስለ ፀሐይ ነበልባል ጥናት ብር ማውጣቱ ብክነት ነው" የሚል ሐሳብ ተነስቶ ብዙ ሰው ደገፈው። እኔ አልደግፍም። ሮኬት እንሥራ አላልኩም። አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ የምድርን መግነጢስ ሲለካ ኖሯል። ይህ ልኬት እንዳይቋረጥና የሚያነበው ባለሙያ እንዳይጠፋ ቋሚ በጀት ይኑረው ነው የምለው።

ምክንያቴ ቦታችን ነው። የመግነጢስ ወገብ፣ ማለትም የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚቆምበት መስመር፣ የሚያልፈው በእኛ አገር ላይ ነው። በቀን፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከራሳችን በላይ ከባድ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ፀሐይ ላይ ነበልባል፣ ማለትም ድንገተኛ የጨረር ፍንዳታ፣ ሲከሰት ኤክስሬዩ በ8 ደቂቃ እዚህ ይደርሳል። ያኔ ጅረቱ በአንዴ ይጠነክራል፣ የመግነጢስ መለኪያው (የማግኔቶሜትሩ) መስመርም ሽቅብ ይዘላል። ለንደን ያለ መሣሪያ ይህንን አይለካልንም።

ነርስ፣ ተክለ ሃይማኖት፦ መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ በምሠራበት ቦታ ጓንት ያለቀበት ቀን አለ። እናት ለወሊድ መጥታ ደም የሚፈለግበት ሌሊት አለ። በፀሐይ ነበልባል የሞተ ታካሚ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ፀሐይ ትናንት አልተፈጠረችም። አያቶቻችን ሳያጠኗት ኖረዋል።

ጡረተኛ የሬዲዮ ኦፕሬተር፣ ሰባ ደረጃ፦ ልጄ፣ ያልሽው ስለ ጓንቱ እውነት ነው፣ ያማል። ስለ አያቶቻችን ግን ልመልስልሽ። እነሱ ሬዲዮም አልነበራቸው። እኔ በአጭር ሞገድ መልእክት ስለዋወጥ ነው ያረጀሁት። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ጣቢያው ሁሉ ጭጭ ይላል። ጓደኛዬ ፊውዝ ይፈትሻል፣ እኔ አንቴናው ላይ እወጣለሁ። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ቆይቶ ድምፁ በራሱ ይመለሳል። በዚያ መሀል ግን አስቸኳይ መልእክት ሳይደርስ ይቀራል።

መምህር፣ አራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያ የነበልባል ሥራ ነው። ኤክስሬዩ የአዮኖስፌርን፣ ማለትም የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ወደ ምድር የሚመልሰውን የላይኛውን የአየር ክፍል፣ የታችኛውን ንጣፍ ሲያወፍረው፣ አጭር ሞገዱ እዚያው ይዋጣል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2017 ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ካሪቢያንን ሲመታ፣ በዚያው ሳምንት ኤክስ 9.3 የተባለ (ኤክስ ከፍተኛው የነበልባል ደረጃ ነው) ነበልባል ፈንድቶ የነፍስ አድን ሬዲዮዎችን አስተጓጉሏል። እህቴ፣ ሰው በቀጥታ በነበልባል አይሞትም፣ ልክ ነሽ። እርዳታ ጠርቶ ባለመሰማቱ ግን ሊሞት ይችላል።

መሐንዲስ፣ ካዛንቺስ፦ እኔ ማስፈራራት አልወድም። እ.ኤ.አ. በ1989 በፀሐይ ማዕበል፣ ማለትም ከፀሐይ የሚወነጨፍ ቁስ የምድርን መግነጢስ ሲያናውጥ፣ ካናዳ ኩቤክ ውስጥ 6 ሚሊዮን ሰው ለ9 ሰዓት ያህል መብራት አጥቷል፣ እውነት ነው። ግን ኩቤክ ለዋልታ ቅርብ ናት፣ ከሥሯ ያለው አለትም ጅረት በደንብ አያስተላልፍም። እኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ስለሚጫን ነው። ፀሐይን ሰበብ አናድርጋት።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ከሕዳሴው ግድብ በዴዴሳ በኩል ሆለታ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በጣም ረጅም ነው። ረጅም መስመር በማዕበል ጊዜ በመሬት በኩል የሚመጣ ጅረት ይሰበስባል። ያ በራሳችን ላይ የሚያልፈው ጅረት ደግሞ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። መጠኑ የሚታወቀው በመለካት ነው፣ በክርክር አይደለም።

ተማሪ፣ ስድስት ኪሎ፦ ይቅርታ፣ አልገባኝም። አሜሪካኖቹ ትንበያውን በነፃ ይለቃሉ። ስልኬ ላይ የኬፒ ቁጥር፣ ማለትም የምድር መግነጢስ ምን ያህል እንደተናወጠ የሚያሳየውን መለኪያ፣ በየ3 ሰዓቱ አያለሁ። ድጋሚ መለካት ለምን?

መምህር፣ አራት ኪሎ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የኬፒ ቁጥር የሚሰላው ከ13 ጣቢያዎች ነው። አንዱም አፍሪካ ውስጥ የለም። ስልክህ ላይ "ሰላም ነው" ሲል የእኛ ሰማይ ሰላም ላይሆን ይችላል። እዚህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌሩ ውስጥ አረፋ የመሰሉ ክፍተቶች ይፈጠራሉ፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ። ያለ ምንም ማዕበልም ይመጣሉ። የጂፒኤስ ምልክት እነሱን አቋርጦ ሲመጣ ይንቀጠቀጣል።

ቀያሽ፣ ፒያሳ፦ ይሄንን እኔ ልመስክር። አመሻሽ ላይ ሥራ ልጨርስ ብዬ ስቆም ሮቨሩ (ይዤው የምዞረው የጂፒኤስ መቀበያ) "ፊክስ" (ቦታው በትክክል ታውቋል) የነበረው "ፍሎት" (በግምት ነው) ይላል። 2 ሳንቲ ሜትር የነበረው ስህተት ግማሽ ሜትር ይሆናል። ቤዙን (አንድ ቦታ ተተክሎ የሚቆመውን መቀበያ) አንስቼ እንደገና ተክዬ አውቃለሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ፒያሳ ላይ ግማሽ ሜትር መሬት ሁለት ጎረቤት ፍርድ ቤት ያቆማል። ግንቦት 2016 ዓ.ም. ትልቁ ማዕበል ሲመታ የአሜሪካ ገበሬዎች በቆሎ እየዘሩ ሳለ ትራክተራቸው መስመሩን ስቶ ቆመዋል። እነሱ ምክንያቱን ወዲያው ሰሙ። እኔ መሣሪያው ተበላሸ ብዬ ለጥገና እልካለሁ፣ እከፍላለሁም።

ነርስ፣ ተክለ ሃይማኖት፦ እንግዲያው ተጠቃሚው ይክፈል። ቀያሾች፣ አየር መንገድ፣ ቴሌ። የድሃው ግብር ለምን?

መምህር፣ አራት ኪሎ፦ ይክፈሉ፣ አልቃወምም። ለአቪዬሽን የኅዋ አየር ሁኔታ ማሳሰቢያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ይሰጣል፣ አብራሪም ይጠቀምበታል። ግን ደንበኛ የሚከፍለው ለዛሬው ማሳሰቢያ ነው። ወደ 70 ዓመት የተጠጋ መዝገብን ማንም ደንበኛ አይገዛም። የፀሐይ አንድ ዙር 11 ዓመት ነው። ሁለት ዓመት በጀት ጠፍቶ ልኬቱ ቢቆም ያንን ጊዜ ማንም መልሶ አይለካውም። በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

መሐንዲስ፣ ካዛንቺስ፦ አንድ ያልተነሳ ነገር። ማግኔቶሜትር ብረት ይረብሸዋል። አራት ኪሎ ዙሪያ ግንባታው፣ መኪናው፣ ኬብሉ በዝቷል። በጀት ከተገኘ መጀመሪያ ከከተማ ይውጣ።

መምህር፣ አራት ኪሎ፦ ሁለተኛ ጸጥ ያለ ቦታ ያስፈልጋል፣ እስማማለሁ። ግን የቀድሞው አይነቀል። አዲሱና አሮጌው ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ይለኩና ልዩነታቸው ይታወቅ። አለዚያ መዝገቡ ለሁለት ይቆረጣል።

ነርስ፣ ተክለ ሃይማኖት፦ ከጤና በጀት ላይ አንድ ብር ቢነካ አሁንም እቃወማለሁ። አቋሜ አልተቀየረም። ግን ገንዘቡ ከሌላ ቦታ ከመጣ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ማስጠንቀቂያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሌሎቹም ቋንቋዎች ይውጣ። ቀያሹም፣ አምቡላንስ የሚጠራውም ሰው የሚሰማው ቦታ ይለጠፍ። ምሁራን መጽሔት ላይ ብቻ የሚቀር ከሆነ አልደግፍም።

ቀያሽ፣ ፒያሳ፦ ለእኔ "ዛሬ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ አትለካ" የሚል አጭር የስልክ መልእክት ይበቃኛል።