አንዱ ልጅ ሴሊያክ (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲበላ ሰውነት የራሱን አንጀት የሚጎዳበት በሽታ) ከተገኘበት፣ ደህና የሚመስሉት ወንድምና እህቶቹም ይመርመሩ? (ጎንደር)

የሕፃናት ሐኪም፦ ይመርመሩ ባይ ነኝ። ከጠቅላላው ሕዝብ ሴሊያክ ያለበት ከ100 ሰው 1 ገደማ ሲሆን፣ በታማሚው ወንድምና እህቶች ላይ ግን 8 ወይም 9 ይደርሳል። ተቅማጥም የሆድ መነፋትም ሳይኖር፣ በአይረን የማይሻሻል የደም ማነስ ወይም የቁመት መቀጨጭ ብቻ ሊታይ ይችላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ልጅ «ጃርዲያ ነው» ወይም «የምግብ እጥረት ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ጤና መኮንን፦ ዶክተር፣ ቁጥሩን አልክድም። ግን ከ100ው 91ዱ ነጻ ናቸው። የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎት ግብረ ኃይልም በ2017 ምልክት የሌለውን ሰው መመርመር ይጠቅም ወይም ይጎዳ እንደሆነ ለመወሰን ማስረጃው አይበቃም ብሏል። አራት ልጅ ይዛ ከደባርቅ የምትመጣ እናት ለአራቱም ትክፈል? ቁመትና ክብደት እንለካ፣ ሄሞግሎቢን እንይ፣ ጉድለት ያለበትን እንላክ።

የሕፃናት ሐኪም፦ «ማስረጃው አይበቃም» ማለት «አትመርምሩ» ማለት አይደለም። የብሪታንያው የናይስ መመሪያ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት እንዲመረመሩ ይመክራል። ዕድገቱ የተስተካከለ፣ ሄሞግሎቢኑም ደህና የሆነ ልጅ አንጀቱ ተጎድቶ ሊገኝ ይችላል። ያንተ ማጣሪያ እሱን ያሳልፈዋል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ከደሙ መቀዳት በፊት ያለው ነው። አንዱ ልጅ ሲታመም ቤቱ ሁሉ ስንዴ ያቆምና ሌሎቹ ከወራት በኋላ ይመጣሉ። ያኔ ቲቲጂ አይጂኤ (ሴሊያክን የሚጠቁመው የደም ፀረ አካል) ወርዶ በሽታው እያለ ኔጌቲቭ ይወጣል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 6 ሳምንት፣ በየቀኑ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ግሉተን መበላት አለበት። የአይጂኤ (የአንዱ ፀረ አካል ዓይነት) ጠቅላላ መጠንም አብሮ ይታዘዝ፤ አይጂኤ በተፈጥሮ የሚጎድለው ልጅ በቲቲጂ አይጂኤ አይያዝም፣ በሌላው የፀረ አካል ዓይነት፣ በአይጂጂ ነው የሚታየው።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ ልክ ነው፤ ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ብቻ የሚበላ ልጅ ለምርመራው አልተዘጋጀም። «ዳቦ ይበላል?» ብሎ ጠይቆ መተው አይበቃም። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የገብስ ገንፎ፣ የስንዴ ቂንጬ፣ ዳቦ ቆሎ አንድ በአንድ ይጠየቅ። ወገራና ዳባት ደግሞ ገብስ አገር ናቸው፤ እናትየው «እንጀራ» ስትል ዱቄቱ ምን እንደተቀላቀለበት ጠይቁ።

ጤና መኮንን፦ እሺ። ዛሬ ኔጌቲቭ የሆነው ከሦስት ዓመት በኋላ ቢይዘውስ? እንደገና ይክፈሉ?

የሕፃናት ሐኪም፦ ኤችኤልኤ የተባለውን የዘረመል ምርመራ ማግኘት ከተቻለ ክትትሉን ይቀንሳል፤ ዲኪው 2 እና ዲኪው 8 ከተባሉት የዘረመል ዓይነቶች አንዱም የሌለው ልጅ ሴሊያክ ይይዘዋል ተብሎ አይጠበቅም። ያለው ሁሉ ግን ታማሚ አይደለም፤ ብዙ ጤነኛ ሰው ይሸከመዋል። ካልተቻለ ቲቲጂውን በየ2 ወይም 3 ዓመቱ መድገም ነው።

ጤና መኮንን፦ የመጀመሪያው ምርመራ ለሁሉም ይሁን፣ ተቀብያለሁ። ድጋሚውን ግን ዕድገቱ ለቀነሰ ወይም ደሙ ላነሰ ብቻ እላለሁ።

የሕፃናት ሐኪም፦ እዚያ ላይ አልስማማም።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ሁለታችሁም ለወላጆች አንድ ነገር ንገሩልኝ፦ ቲቲጂው ከፍ ያለ ልጅ ስፔሻሊስት እስኪያየው፣ ባዮፕሲ (የአንጀት ናሙና) ካስፈለገም እስኪወሰድለት ድረስ ዳቦውን አያቁም።