የጋራ ሴፕቲክ ታንካችን፦ ለጠቅላላ ስብሰባ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ቀበና ላለው የአራት አባወራ ግቢያችን የተረቀቀው ሐሳብ ይኸው። «ከታንኩ የሚወጣውን ውሃ ወደ አፈር የሚያሰርገው የድሮው ማስረጊያ ጉድጓድ ስለማይሠራ፣ በጓሮው 30 ሜትር ቦይ ተቆፍሮ ባለ 110 ሚሊ ሜትር፣ የተበሳሳ የፒቪሲ ቱቦ ይዘርጋ፣ ጠጠር ይሙላ፤ ወጪው እኩል ይከፈል።» አስተያየት እስከ አርብ።

ታችኛው ቤት፦ ሽታው የሚጀምረው እኔ ደጃፍ ስለሆነ ከእኔ በላይ የሚቸኩል የለም። ዛሬ ቢጀመር ደስ ይለኛል። መኪና አምጥተን ካስመጠጥን ሳምንት ሳይሞላ ታንኩ ሞልቶ አየሁት። ይሄ ምን ይባላል?

ሳኒተሪ የሚሠራው ልጅ፦ እትዬ፣ መሙላቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። ጤነኛ ታንክም ከተመጠጠ በኋላ በጥቂት ቀን እስከ መውጫው ቱቦ ይሞላል፤ ከዚያ በገባው ልክ ይወጣል። መታየት ያለበት ውሃው ከመውጫው በላይ ማለፉ ነው። ካለፈ ችግሩ መውጫው ወይም ማስረጊያው ጋ ነው። ውሃው በልኩ ሆኖ ሽንት ቤቱ ከመለሰ ግን የተዘጋው ከቤት እስከ ታንክ ያለው መስመር ነው፤ ያኔ ቦይ መቆፈር ገንዘብ መበተን ነው። ሲመጠጥ ደግሞ መውጫውን እንይ፤ ውሃ ከጉድጓዱ ወደ ታንኩ ተመልሶ ከፈሰሰ መሬቱ ጠግቧል ማለት ነው። አደራ፣ ማንም ወደ ውስጥ እንዳይገባ፤ ጋዙ ሰው ይገድላል።

ገንዘብ ያዥ፦ በጋ ላይ ሰላም ነን እኮ። ክረምት ሲገባ ነው ጉዱ።

ሳኒተሪ የሚሠራው ልጅ፦ ጋሼ፣ እሱን ልል ነበር። የመሐለኛው ቤት አሸንዳ የሚወርደው ማንሆሉ ውስጥ ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 2,000 ሊትር ይሆናል። ግቢው ውስጥ ያለነው 20 ሰዎች እያንዳንዳችን በቀን 80 ሊትር ብናፈስ እንኳ 1,600 ነው።

መሐለኛው ቤት፦ እኔ ስገባ እንዲሁ ነበር የተሠራው። አሸንዳውን በራሴ ወጪ ወደ ዝናብ ውሃ መውረጃው አዞረዋለሁ፤ ረቂቁ ላይ ይግባ።

ሰብሳቢ፦ ተባረኩ። ቦዩስ ይበቃል?

ሳኒተሪ የሚሠራው ልጅ፦ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጠራጠራለሁ። ሸክላማ አፈር በቀን በካሬ 10 ሊትር ገደማ ነው የሚያሰርገው። የቦዩን ሁለት የጎን ግድግዳ እያንዳንዱን 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ብናስብ፣ 30 ሜትሩ 36 ካሬ ነው፤ 360 ሊትር መሆኑ ነው። እኛ 1,600 ይዘን! አፈሩ ለቀቅ ያለ ከሆነ ሂሳቡ ይለወጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሙከራ እናድርግ። በቦዩ ጥልቀት ጉድጓድ ቆፍረን ውሃ ሞልተን እናሳድረው፤ በማግስቱ እንደገና ሞልተን 2.5 ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ እንይ። ከ60 ካለፈ ቦዩን እንርሳው።

ላይኛው ቤት፦ ታዲያ ቱቦ ዘርግተን ወደ ወንዙ ብንለቀውስ? ሁሉም የሚያደርገው ነው።

ታችኛው ቤት፦ ኧረ በስመአብ! ወንዙ ወደ አቃቂ ነው የሚወርደው፣ እዚያ ጎመን የሚጠጣው በሱ ውሃ ነው። ጎመኑን መልሰን ገበያ ላይ የምንገዛው እኛው ነን።

ሰብሳቢ፦ ይሄ ሐሳብ አይመዘገብም። ይልቅ የውሃና ፍሳሽ መስመር በአቅራቢያችን ካለ ከሱ ጋር ብንገናኝ ቦዩም አያስፈልግም። ጸሐፊ፣ በማህበሩ ስም ደብዳቤ ይጻፍና በአካል ይኬድ።

ገንዘብ ያዥ፦ ካልተሳካና ከተቆፈረስ? መኪና የሚቆምበት ቦታ ነው።

ሳኒተሪ የሚሠራው ልጅ፦ በቦዩ ላይ መኪና አይቆምም፤ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ቱቦውም ይሰበራል። ቁፋሮው ደግሞ ከጥቅምት በፊት አይሁን። እርጥብ ሸክላ ሲቆፈር አካፋው ግድግዳውን ይለስነዋል፣ ከዚያ ውሃ አያሳልፍም። ጠጠሩም ይታጠብ።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው፦ «በመጀመሪያ ታንኩ ይከፈት፣ መውጫውና ቱቦው ይታይ፤ አሸንዳው ይዙር፤ የአፈር ሙከራ ይደረግ፤ ለውሃና ፍሳሽ ጥያቄ ይቅረብ። ከመስመሩ ጋር መገናኘት ካልተቻለና አፈሩ ከተቀበለ ብቻ ቦዩ ከጥቅምት ጀምሮ ይቆፈር፤ ያን ጊዜ የመኪናው ቦታ ይነሳል።» ወጪው በነፍስ ወከፍ ይሁን ወይስ በቤት እኩል የሚለው አልተቋጨም።

ላይኛው ቤት፦ እኛ ሁለት ነን፣ በነፍስ ወከፍ።

ታችኛው ቤት፦ እኛ ሰባት ነን፣ እኩል! እሁድ እንነጋገርበት።