ዌልሽ ኮብ የሚባለው የፈረስ ዝርያ ለጀማሪ ይሆናል? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዌልስ፣ ካርዲፍ አካባቢ ነው። ግልቢያ ስማር ቆይቻለሁ፤ የራሴ ፈረስ ግን ኖሮኝ አያውቅም። አሁን አንዲት ዳማ ዌልሽ ኮብ ባዝራ ለሽያጭ ቀርባ ልቤ ተንጠልጥሏል።

ሴክሽን ዲ ከሚባሉት ናት፤ ቁመታቸው ከ137 ሳንቲ ሜትር የሚበልጠው ማለት ነው። ሶምሶማዋን ብታዩ! ግን የሚያስፈራኝም እሱው ነው። ገና 6 ዓመቷ ነው። ሻጩ «በግ ናት» ይላሉ፤ ሻጭ ደግሞ ሌላ ምን ሊል ኖሯል? አሰልጣኜ በበኩሏ ዝርያው ብልህና ጉልበተኛ ስለሆነ የጋላቢውን ፍርሃት ቶሎ ያውቃል፣ ጠና ያለች፣ ብዙ ሰው የጋለባት ብትፈልጊ ይሻልሻል አለችኝ። አጠር ያለው፣ ሴክሽን ሲ የሚባለውስ ይረጋጋል ወይስ ልዩነቱ ቁመት ብቻ ነው?

ሌላው ጭንቀቴ መኖ ነው። እነዚህ ፈረሶች የተራራ ሣር የለመዱ ስለሆኑ ለምለም መስክ ላይ በቀላሉ ይወፍራሉ፤ ላሚናይተስ የሚባለው የሰኮና በሽታም ያሰጋቸዋል። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የሚውል ሰው ግጦሹን እንዴት ይቆጣጠራል?

የእንስሳት ሐኪም ማስመርመሬ አይቀርም። የቸገረኝ ጠባይዋን ማወቁ ነው። ሻጩ መጀመሪያ እሳቸው ይጋልቧት ብል ነውር ይሆን? መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ ማየትስ እንዴት ልጠይቅ? ኮብ ያላችሁ ወይም የጋለባችሁ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ ሻጩ የሚጠብቁኝ እስከ ቅዳሜ ነው።